በመቀናጆ የነዳናት ፒክአፕ

ጎረቤቴ ባጃጁን በሩ ላይ በታትኖ ሲያጥብ ነበር ያገኘሁት። ዕቃውን አንድ በአንድ ነጭ ጋዝ ባለበት ሳፋ ውስጥ እየነከረ በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ ይፈትጋል። ሽንኩርቴን አንጠልጥዬ ከገበያ ስመለስ ነፋሱ ሽታውን ይዞ መጣ፤ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ግራሶ። እግሬ ቆመ። «እማማ ፋጡማ፣ ሸተተዎት መሰለኝ፤ ወዲያ ላርቀው?» አለኝ የተቸገርኩ መስሎት። ተወው ልጄ፣ ይልቅ በርጩማ ካለህ አቀብለኝ አልኩት። ተቀምጬ ጣቴን ግራሶው ውስጥ ነከር አድርጌ ሳሸት ሳቀ። ይሳቅ። ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ግራሶ ስታሸት አይቶ የማይስቅ ማን ነው? ከየት እንደማውቀው ሲጠይቀኝ ግማሹን ነገርኩት። ሙሉውን ለመንገር ያን ሳፋ ሙሉ ዕቃ አጥቦ የሚጨርስበት ጊዜ አይበቃም ነበርና የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያኔ ቆቦ እንደ ዛሬው ግራና ቀኝ አልተንዘላዘለችም። መንገዱ አንድ ነው፤ ከደሴ መጥቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ እኛን በመሐል ሰንጥቆ ወደ ዋጃና አላማጣ ይሄዳል። ከተማ የሚባለው መንገዱ ዳር ያለው ነው፣ ሌላው ሁሉ ጓሮ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ቴፕ ነበራት። ባለቤቱ አንድ ካሴት ጠዋት ከከተተ እስከ ማታ ያንኑ ያመላልሰዋል፤ በአሥር ሳንቲም ሻይ የጠጣ ሰው ዘፈኑን በነፃ ሸምድዶ ይወጣል። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው፤ ሻይ ቤቱ ከየት እንደሚያመጣው ግን አይጠየቅም። ቴትሮን ቀሚስ በኮንጎ ጫማ ያደረገች ሴት አጊጣለች ይባላል። የቆላው ጎበዝ ደግሞ ጎፈሬውን ቅቤ ቀብቶ፣ ሽርጡን አሸርጦ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሲገባ መንገዱ ይጠበዋል። ስለ ስብሰባውና ስለዚያ ዘመን ሌላ ሌላ ነገር የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ብጽፍ የማውቀውን ነው፣ የማውቀው ደግሞ መንገዱን ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ሾፌር ማለት ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይቸግራል። ሾፌር ሲመጣ ወሬ መጣ፣ መድኃኒት መጣ፣ ከዘመድ የተላከ ቡልኮ መጣ። ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። አላህ ይዘንለትና ባሌ ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቦላሌ ሱሪ፣ ካኪ ጃኬት፣ ኪሱ ላይ ማበጠሪያ። ፊደል እንኳ የለየሁት በሱ መኪና ነው። ስፖንዳው ላይ፣ የጭነቱ ጎን ሳንቃ ማለት ነው፣ በትልልቁ ጥቅስ ተጽፎ ነበርና እሱ ጎማ ሲያይ እኔ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ ሁለት እያልኩ ለቀምኩት። አስተማሪዬ የቆመ መኪና ነው ስል ሰው ይስቅብኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አንድ ክረምት ከአላማጣ በላይ ባለው ዳገት መኪናው በጭቃ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሰይድን አላህ አተረፈው፤ ግራ ጉልበቱ ግን እንደ ደረቀ ግንድ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ አልታጠፍም አለ። ለሌላ ሰው ይህ ማነከስ ነው። ለሾፌር ግን ግራ እግር ማለት ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሪሲዮን ያልረገጠ ማርሽ አይቀይርም፣ ማርሽ ያልቀየረ አይነዳም። አሠሪዎቹ አዘኑለት። ከብዙ መመላለስ በኋላ፣ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የእህል መጋዘን ዘበኝነት ተገኘለት። ኃላፊው ደግ ሰው ነበሩ፤ የዘንድሮው ማሽላ ተሰብስቦ መጋዘኑ እስኪሞላ ቦታውን ለሌላ አልሰጥብህም አሉት። ሰይድ አመስግኖ ወጣ። ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ሰው እህል ጭኖ ሲያልፍ እኔ በር ልከፍትለት ነው ፋጤ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘበኝነት ነውር አይደለም፣ ስንቱን ቤት አኑሯል። ሰይድ ግን የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና የሚል ሰው ነው፤ በር ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ቀና ሲል፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰበር ታየኝ። እኔ በሕይወት እያለሁማ ይህ አይሆንም አልኩ፣ ለራሴ።

መኪናዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሮቢት ዳር ከግራር ሥር አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ወድቃ ነበር፤ ባለቤቱ አገር ለቆ ሄዷል፣ ወንድሙ ዶሮ ያሳድርባታል። በሯን ስከፍት ወንበሩ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ አፈጠጠችብኝ። ከአባቴ የደረሰችኝን ጊደር ሰጥቼ ፒክአፗን ወሰድኩ፤ ዶሮዋን አስቀሩብኝ። ጎማዋ ሞቶ፣ ሞተሯ ዝጎ ነበርና በሦስት ጥማድ በሬ አስጎተትናት። ሰይድ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ መሪ ይዟል። በሬ የሚነዱት ገበሬዎች «ሾፌር፣ ጥሩምባ ንፋ እንጂ፣ በሬዎቹ መንገድ ይልቀቁልህ» እያሉ ይቀልዳሉ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ በተሰበረው መስታወት ፊቱን አያለሁ። ከስንት ወር በኋላ ጥርሱን አየሁት።

መኪና የሚፈታ ሰው ከሥር መግባት አለበት። ጋራዥ ቤት ለዚህ የተሠራ ጉድጓድ አለ፤ እኛም አልጠፋንም፣ የማሽላ ጉድጓድ ነበረን። የራያ ቆላ ሰው ማሽላውን ጎተራ አያስገባም፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል፤ ነቀዝም አይደርስበት፣ ሌባም አያየው። የሰይድ አባት የቆፈሩት ከጓሯችን ነበር፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባዶውን ተከድኖ የተኛ። አፉን በርዝመቱ እያሰፋሁ ስቆፍር ጎረቤታችን አያ ይመር በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። አያ ይመር አንድ በሬ፣ አንዲት አህያና ለማንም የማይመለስ አፍ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። እህል ያደረበት ጉድጓድ ዘይት ሊጠጣ ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ነገሩን ሳስረዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ፤ ተቀይመው ነው ስል እፍኝ ማሽላ ይዘው ተመለሱ። ጉድጓዱ ውስጥ በተን አድርገው፣ «ያጎረስክ ጉድጓድ፣ አሁንም አጉርስ» ብለው ዱዓ አደረጉ። ወዲያው ወደኔ ዞረው፣ ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ ትንፋሹ ሰው ይገድላልና መጀመሪያ ፋኖስ አውርጂ፣ ከጠፋ እንዳትገቢ ብለው አስጠነቀቁኝ። ፋኖሱ አልጠፋም። ገባሁ።

እንግዲህ ሰይድ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ከታች መውረድ አይችልም። እሱ ከላይ በሆዱ ተኝቶ ያያል፣ እኔ ከሥር ቆሜ እፈታለሁ። ቱታውን ከቀሚሴ በታች ለበስኩት፤ ሱሪ የለበሰች ሴት እንዳይሉኝ ቀሚሱን ከላይ፣ ቀሚሱ ግራሶ እንዳይጠጣ ደግሞ ሻርፕ ታጥቄበት። መልኬን አላህ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ካቻቢቴ ስጪኝ ሲለኝ ፒንሳ አቀብለው ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ግን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ብሎኑን በጣቴ ዳብሼ ቁልፉ ስንት ቁጥር እንደሆነ እነግረው ጀመር። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ፈታን፤ ዕቃውን በቅደም ተከተል አቡጀዲ ላይ ደርድሬ ዶሮ እንዳይበትንብኝ በጎን ቁጭ እላለሁ። የጎደለውን ሰይድ ከድሮ ወዳጆቹ ከሾፌሮቹ ያስመጣል፤ አንዱ ካንዴላ ይጥልልናል፣ ሌላው ያገለገለ ጎማ። ከሆርማት ወንዝ አሸዋ በላይ ከፍ እንድትል ከሞተ ሎሪ ጭነት የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራውን፣ አውጥተን ከኋላ ጨመርንላት። የጭነት ሳጥኗን ነቅለን ጥለን ከግራር እንጨት ስፖንዳ ሠራንላት፤ ማጠፊያው የግመል ጭነት የሚታሰርበት ጠፍር ነው፣ ከብረት የሚበልጥ። አረንጓዴ ቀባኋት። ቀለሙ ከየት መጣ አትበሉኝ፣ ያኔ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ወይ ቀይ ነበር።

የሁሉም ነገር ራስ ግን ፍሪሲዮኑ ነው። ሰይድ ሌሊትም ቀንም ሲያስበው ቆይቶ መላ አመጣ፤ ፔዳሉ ላይ የብረት ዘንግ አስረን፣ ዘንጉን በመሪው በግራ በኩል አውጥተን፣ በእግር የሚረገጠውን በግራ እጅ ወደ ታች የሚገፋ አደረግነው። አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስተን በድንጋይ ላይ አቁመናት ሞከረ። ሞተሩን አስነሳ፣ ዘንጉን በግራ እጁ ገፋ፣ በቀኙ ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀ፤ ጎማዎቹ ተሽከረከሩ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በጢሱ መሐል እጅ ለእጅ ተያይዘን አለቀስን። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ማሻአላህ አለ። መጋዘኑ እየሞላ ነበር፤ እኛ ግን ደረስን።

በማግስቱ እህሉ የተነሳበት ማሳ ውስጥ አወጣናት። ሕዝቡ ዳር ዳር ቆሟል። አንደኛውን አስገብቶ እንደ ንጉሥ ተነሳ። ሁለተኛውን ሊያስገባ ግራ እጁ ዘንጉ ላይ ሄደ፣ ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ሄደ፤ መሪው ላይ ማንም የለም። ድንጋይ ላይ ለቆመች መኪና መሪ ማን ይይዛል? ሾፌር ሁሉ እጁ ሲያዝ መሪውን በጉልበቱ ደገፍ ያደርጋል፣ ሰይድም ዕድሜውን ሙሉ የለመደው ያንን ነው። ያ ጉልበት እንደማይታጠፍ፣ መሪው ጋ እንደማይደርስ፣ እሱም ረሳው እኔም ረሳሁት። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ግራ ታጥፋ፣ ማንንም ሳታይ፣ የአያ ይመር የአገዳ ክምር ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። የተጎዳ የለም፤ አንዲት ፍየል ደንግጣለች። ሕዝቡ ግን በሳቅ ወደቀ። ማታውኑ ውሃ የሚቀዱ ልጃገረዶች ግጥም አወጡለት፦

የሰይድ መኪና ቤንዚን ጠላሁ ብላ፣
ከጎረቤት ገባች አገዳ ልትበላ።

ጥሩ ግጥም ነው፣ ዛሬ ያስቀኛል። ያን ሳምንት ግን ሰይድ ከቤት አልወጣም። በኋላ ተነስቶ ጃኬቱን አራገፈ፣ ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረ፣ ዘበኛ ማበጠሪያ ምን ያደርግለታል ብሎ። ነገ መጋዘን እሄዳለሁ አለኝ። ይህን እያለ አያ ይመር «ቤቶች» ብለው ገቡ። የአገዳቸውን ካሳ ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መደቡ ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት።

«ሰይድ፣ እኔ ስንት በሬ አለኝ?»

«አንድ።»

«ሳላርስ የከረምኩበት ዓመት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«በምን አርሳለሁ?»

«በመቀናጆ ነዋ» አለ ሰይድ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው። መቀናጆ ማለት ለማያውቅ፣ አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር በሬውን ጠምዶ ተራ በተራ የሁለቱንም ማሳ የሚያርሱበት ነው።

«በሬዬ ግማሽ ነው ብዬ አላረድኩትም። ሌላ ግማሽ ፈለግሁለት» አሉ አያ ይመር። «አንተ የጎደለህ አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ከጉድጓድ ሲወጣ ሲገባ በአጥር እያየሁት ከረምኩ።» በአገጫቸው እኔን አመለከቱት።

«ሚስቱ ማርሽ የምትቀይርለት ሾፌር የት ታይቶ ያውቃል አያ ይመር?»

«አገዳ ክምር ውስጥ የተቀመጠ ሾፌርስ የት ታይቶ ያውቃል?»

ሰይድ መሳቅ ጀመረ፤ ያን ሳምንት ያመቀውን ሁሉ አወጣው፣ እንባው እስኪወርድ። ጠዋት መጋዘን አልሄደም። ጠዋት ማሳው ውስጥ እኔ ጋቢናው መሐል ተቀምጬ ማርሹን ይዤ ነበር፤ የሱ ቀኝ እጅ ለመሪው ተለቀቀ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። እሱ ዘንጉን ሲገፋ እኔ ዘግይቼ፣ እኔ ስቸኩል እሱ ገና ሳይገፋ፣ ማርሹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይጮኻል። መጀመሪያ «ሁለት»፣ «ሦስት» እያለ ይጠራልኝ ነበር። ኋላ በጆሮዬ መጣልኝ፤ ሞተሩ ሲያቃስት ዝቅ፣ ሲቀለው ከፍ። ከዚያም በኋላ ጆሮም አላስፈለገኝም፣ የግራ ትከሻው ሊገፋ ሲነሳ እጄ ራሱ ይሄዳል። ስንጨቃጨቅ ውለን እንኳ እጃችን አይጣላም ነበር። የዛሬ ሰው ተዋደድን ሲል አበባ ይሰጣጣል አሉ፤ ይሁን፣ ደስ ይላል።

የመጀመሪያ ጭነታችን ለዋጃ ገበያ ነው። ከኋላ ማሽላ፣ ሁለት ፍየል፣ ቅቤ የያዙ ሴቶች፣ መሐላቸው አያ ይመር በክብር። ከተማው መውጫ ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ወታደሩ ወጣት ነው፣ ፊቱ የማይፈታ። አጎንብሶ ጋቢናውን አየና እጄን ማርሹ ላይ አገኘው።

«ሾፌሩ ማነው?»

«እኔ» አለ ሰይድ፣ መንጃ ፈቃዱን እያሳየ።

«እና ሴትዮዋ ምን ታደርጋለች? ከኋላ ትሳፈር።»

የሰይድ እጅ መሪው ላይ ሲጠነክር አየሁ። ከወረድኩ መኪናዋ አትሄድም፤ መኪናዋ ካልሄደች ደግሞ ሰይድ ያ ሁሉ ሰው እያየው እንደገና ሊወርድ ነው። ዋሽቶ ዘመዴ ናት፣ ታማለች ሊል ይችል ነበር። አልዋሸም። እግሩን አሳየው፣ ዘንጉን አሳየው፣ የኔን እጅ አሳየው። እኔ ግማሽ ሾፌር ነኝ፣ ግማሹ እሷ ናት አለው፤ ይህን ሰው ሁሉ እየሰማ። ወታደሩ ጥቂት አሰበና በሩን ከፍቶ ከጎኔ ገባ፣ ሂዱ እስኪ አለ። እዚያው ቅርብ እስካለው ድልድይ ሄደን ዞረን መጣን። አንዴም ማርሽ አልጮኸም። ከኋላ የሚሰማው የፍየሎቹ ድምፅ ብቻ ነው። ወረደና በመስኮቱ ተደግፎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ስትጣሉስ?»

«ያን ቀን በእግራችን እንሄዳለን» አለ ሰይድ።

ወታደሩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ፣ ገመዱንም ጣለ። ዋጃ ስንደርስ ከገበያው ዳር አንድ የማናውቀው ሰው «ሾፌር፣ ወደ ቆቦ ስትመለስ ቦታ አለህ?» ብሎ ጮኸ። ሰይድ ዝም አለ። ሰውየው ሁለተኛ ጠራው። ያን ስም ደግሞ ሊሰማው ፈልጎ ነው ዝም ያለው፣ አውቃለሁ።

እንዲህ እያልን ስንት ዘመን ነዳናት። ልጆች ከኋላዋ ላይ አደጉ፣ ሙሽራ አመጣንባት፣ በክፉው ጊዜ በሽተኛ አመላለስንባት። ሮቢትም ጎብዬም ገበያ ስንገባ መንታ ሾፌሮች መጡ ይሉናል። ዛሬ በዚያው መንገድ በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ ብቻውን ይበርራል፤ ሦስት እጅ ያለው ይመስለኛል። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ሆና ከሱ ጋር ማርሽ ስትቀይር አገኛታለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ይታዘበኛል።

አንድ ቀን፣ ዘመኑ ሊገባደድ አካባቢ፣ ለጥገና ደሴ ገባን። የጋራዡ ሰው ትሑት፣ እጁ የተባረከ ነበር። ዘንጋችንን እየዞረ አይቶ አደነቀ፤ ከዚያ ይህማ ቀላል ነው አለ። ፍሪሲዮኑን በኬብል ስቤ ማርሹ ራስ ላይ እጀታ አደርግለታለሁ፣ ማርሽ የያዘው ቀኝ እጅ ፍሪሲዮኑንም ይጨብጣል፣ ግራ እጅዎ ከመሪ አይለይም፣ ብቻዎን ይነዳሉ፣ እመቤትም ከእንግዲህ ቤታቸው ያርፋሉ አለው። እስከ ምሳ እጨርሰዋለሁም አለ። እኔ ዘወር ብዬ ጎማ የማይ መሰልኩ። ብቻውን መንዳት ሰይድ ከዚያ ከተገለበጠበት ቀን ጀምሮ ሲለምነው የኖረ ነገር ነው። ተሰጠው፣ በግማሽ ቀን።

«ምን ትያለሽ ፋጤ?» አለኝ።

«እጁ ያንተ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ወደ መኪናዋ ሄዶ ወጣና ተቀመጠ። ግራ እጁን ዘንጉ ላይ፣ ቀኙን ማርሹ ላይ አደረገ። መሐል ያለውን ባዶ ወንበር አየ፣ ሸራው በኔ ቅርጽ ጎድጉዷል። ከዚያ በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ» አለው፤ «ዘይቷን ብቻ ቀይርልን።»